በጥርስ የሚመረመር ዘር

አትክልተኛው አባ ዱባ ከውጭ የመጣላቸውን ጥቅል ለመውሰድ ጉምሩክ መጋዘን የደረሱት ከሰዓት በኋላ፣ ሰውም ዕቃውም በሚያንቀላፋበት ሰዓት ነበር። የጣሪያው ማራገቢያ ሰው እንዳይቀሰቅስ የተጠነቀቀ ይመስል ቀስ ብሎ ይዞራል። በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ አቧራው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ቆሟል። አባ ዱባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ዓይናቸው ክድን አለና መጋዘኑ በሙሉ ዱባ ሲያበቅል አዩ፤ ሐረጉ በመደርደሪያው ወጥቶ ካርቶኑን ሁሉ ከነማኅተሙ ሸፈነው። ስማቸው ሲጠራ ሐረጉ የለም።

የጠራቻቸው ዕቃ መዳቢዋ ነበረች፤ የሚገባውን ሁሉ እያየች በየዓይነቱ ቁጥር የምትሰጥ ወጣት። ቀና ብላ አየቻቸውና ከወንበሯ ተነሳች።

"አባባ፣ አላወቁኝም? የጎረቤትዎ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ።"

አባ ዱባ ደስ አላቸው፤ ዘመድ ባለበት ወረቀት አይበዛም ብለው ያምናሉ። ጉንጯን ሳሙ፤ የእናቷን ጤና ጠየቁ፤ እናቷን ዛሬ ጠዋት በአጥር ላይ እንዳነጋገሯት ትዝ ሲላቸው ወደ ጉዳያቸው ገቡ። የመዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ መሬቱ ተቆፍሮ፣ ፍግ ጠጥቶ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

"ጥቅሉ ላይ 'የሚበላ የዱባ ፍሬ' ይላል" አለች። "ሊበሉት ነው?"

ያስጻፉት እሳቸው እንደሆኑ አልሸሸጉም። ጥቅሉን ለላከላቸው ለወንድማቸው ልጅ በስልክ፣ የሚዘራ ካልክ ያንከራትቱናል፣ የሚበላ በል ብለውት ነበር። "ዱባ ዱባ ነው፣ ልጄ። ሆድ ይግባ መሬት ይግባ፣ መንግሥት ምን አገባው?"

ልጅቷ አልተቆጣችም። የሚበላውና የሚዘራው በቁጥርም በደንብም እንደሚለያዩ፣ ለሚዘራው አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከተነሳበት አገር ደግሞ የጤና ምስክር ወረቀት እንደሚያስፈልግ ረጋ ብላ አስረዳች። አባ ዱባ ሳቁ። ዘር እንኳ የጤና ወረቀት ይዞ ከዞረ፣ እሳቸው ሰባ ዓመት ያለ ወረቀት መኖራቸው ሊያስጠይቃቸው ነው።

"የኔ ምርመራ ይኸው" ብለው በጥቅሉ ውስጥ ከነበረው፣ ለፍተሻ ከተከፈተው ከረጢት አንድ ፍሬ አንስተው ወደ አፋቸው ወሰዱ። አርባ ዓመት ዘር የመረጡት በጥርሳቸው ነው፤ ቀጭ ካለ ይዘራል፣ ካላለ ለዶሮ።

እጃቸውን ያዘችው። "ቀለሙን ይዩት፣ አባባ።"

ፍሬው ሮዝ ነው። እሳቸው ጌጥ መስሏቸው ነበር። ሻጋታ እንዳያበላሸው የተቀባ መድኃኒት ኖሯል፤ ለመሬት እንጂ ለሆድ አልተፈጠረም። "የሚበላ የሚል ከረጢት ጓዳ ውስጥ ያገኘ ሰው ምን ያደርጋል?" ስትል ጠየቀቻቸው። አባ ዱባ ባለቤታቸውን አሰቡ። ባለቤታቸው የተጻፈ ነገር የሚያምኑ ሴት ናቸው።

"መድኃኒቱስ እሺ" አሉ። "በሽታውን ግን ዓይኔ ይለየዋል። የታመመ ቅጠል የማላውቅ ነኝ?"

"ቅጠሉ ላይ ሲያዩት እኮ ተዘርቷል።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለእናቴ የሰጧትን የዱባ ዘር ያስታውሳሉ?"

ያስታውሳሉ። ከሰባት ዓመት በፊት በሰው ኮት ኪስ ከውጭ ያስመጡት ዘር ነበር፤ በጥርስ ተመርምሮ ያለፈ። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎረጎረ፣ ፍሬው ጎባጣ ሆነ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ተሻገረ። እሳቸውም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው "ውሃ አብዝተሽበት ነው" ብለው ፈረዱ።

"የዚያን ዓይነት ቅጠል ሥዕል ያየሁት እዚህ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው" አለች። "ከዘር ጋር የሚመጣ በሽታ ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ጓሮዋን የምታጠጣው በሻይ ብርጭቆ ነው።"

ማራገቢያው ዞረ። አባ ዱባ ፍሬዋን ወደ ከረጢቷ መለሱና ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠየቁ። ጽሑፉን ማረም፣ ፈቃድ ማመልከት፣ ናሙናውን ለምርመራ መስጠት፤ ጤነኛ ከሆነ ይለቀቃል፣ ካልሆነ ይቃጠላል። አንድ ወር ይፈጃል። የተቆፈረው መሬት ዘንድሮ ጾሙን ሊያድር ነው ማለት ነው። "ለጎረቤት ስትይ..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ፈረሙ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባ ዱባ ለአትክልተኛ ሁሉ ይመክራሉ፤ ዘርህን በስሙ ጥራው፣ የሚበላው ይበላ፣ የሚዘራው ይመርመር፤ በሽታ ቢመጣ እንኳ በየት በር እንደገባ ይታወቃል፣ መንደሩንም ሳይነካ ይያዛል። የአንድ ሰው ችኮላ የስንቱን ጓሮ እንደሚያስከፍል የሚያውቀው የከፈለው ነው።

የመጀመሪያውን ምክር የሰጡት ግን ያኔውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆዋን ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር።

"ውሃ አላበዛሽም" አሏት በአጥሩ ላይ። "ዘሩ ነበር የታመመው። ያመጣሁትም እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ ብርጭቆውን አየችው። ውሃውን አፍስሳ ብርጭቆውን ቀስ ብላ አጥሩ ላይ ደፋችውና ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዛ ነበር።