የኮረብታው ውሃ

ሽማግሌውን የኮረብታ ጎረቤቴን ማኖንግ ኡስቲንግን ያገኘኋቸው መስከረም ላይ፣ እሁድ ረፋድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። ማንም እንዲነካባቸው የማይፈቅዱትን ቀይ ተዋጊ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው ቁልቁል ይወርዳሉ።

«ወዴት ነው ማኖንግ?»

«ወደ ካጋዋድ ኔሪሳ ነዋ! ሚስቴ ሳቤል ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ወንዙ ዳር ከወደቀች፣ ዳሌዋም ከተሰበረ ሦስት ወሯ። አሁን የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ደግሞ አልቻለም። ቧንቧውን ወደ ኮረብታው ታውጣልን።»

ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ምክር ስሰጥ ደስ ይለኛል።

«ካጋዋድ የመንደሩ ምክር ቤት አባል ናት እንጂ ንጉሥ አይደለችም እኮ። ምክር ቤቱ ውስጥ ሰባት ናቸው፤ የእሷ አንድ እጅ ነው። ሥራዋ የእኛን ቃል ይዛ መሟገት ነው።»

«ተወኝ እባክህ መምህር! ለጎረቤታችን የሬሳ ሣጥን የሰጠችው ማን ናት? ለወጣቶቹ የኳስ መለያስ? ስንቱንስ ክርስትና አነሳች? ባዶ እጃችንን ስለሄድን ነው እንጂ ትችላለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ዶሮውን ትበላለች።»

«ሣጥኑን የገዛችው ከኪሷ ነው። ባትሰጥ ስሟን እናጠፋዋለና!»

እየተከራከርን ደረስን። ኔሪሳ ግቢዋ ውስጥ ሩዝ ታሰጣለች። ዶሮውን አልቀበልም አለች።

«ማኖንግ፣ መጋቢት ላይ በመንደሩ ጉባኤ የእናንተን ቧንቧ አንስቼው ነበር። ሊቀመንበሩ ‹ማን ጠየቀ?› አሉኝ። በድምፅ ማጉያ ‹ከኮረብታው ሰው አለ?› ብዬ ተጣራሁ። አብዛኛው ሰው መገኘቱን ፈርሞ፣ የቀረበለትን የፓንሲት ምግብ በልቶ ሄዷል፤ ከቀረውም የተነሳ አልነበረም። ቧንቧው ለታችኛው ሰፈር ተወሰነ፣ በግንቦትም ተዘረጋ።»

ማኖንግ ኡስቲንግ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ያን ቀን ዶሮ ሳዋጋ ነበር» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? የተማርከው አንተ ነህ። ምን ብለህ ተናገርክ?»

ፊቴ ነደደ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ባማረ የእጅ ጽሑፍ ከሁሉ በፊት ፈርሜ፣ ማንጎው ሥር ሁለተኛ ሳህኔን እየበላሁ ጥሪዋን ሰምቻለሁ። ከጣሪያ የማጠራቅመው ውሃ ስላለኝ አልተነሳሁም። «ካጋዋድ ምን ትሠራለች ታዲያ?» ብዬም አጠገቤ የነበሩትን አስቄያለሁ። ይህንኑ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ማኖንግ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በጥቅምቱ ጉባኤ ሁለታችንም ፊት ተቀመጥን። ማኖንግ ኡስቲንግ ተነሱና ስለ ሚስታቸው ተናገሩ። ቀጥዬ እኔ ተነሳሁ፤ ከዚያ የኮረብታው ሰዎች አንድ በአንድ። ሊቀመንበሩ «ማን ጠየቀ?» የሚሉበት ቦታ አጡ፤ ከሰባቱ የምክር ቤት አባላት የአምስቱ እጅ ለኮረብታው ቧንቧ ወጣ።

ጥር ላይ የኮረብታው ሃያ ሦስት ቤቶች ውሃ አገኙ። ውሃ መቅዳት የቀረላቸው ልጆች በሰዓቱ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፣ ከወንዙ ውሃ የሚመጣው ተቅማጥም ቀነሰ። ማኖንግ ኡስቲንግም «ካጋዋድ የምትችለው እኛ ስንናገር ነው» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ለጉባኤ ይቀሰቅሳሉ።

ሚስታቸው ናንግ ሳቤል በምርኩዝ ወጥተው ቧንቧውን ከፈቱና እጃቸውን ውሃው ሥር ዘረጉ።

«መምህር፣ ይሄ ውሃ በግንቦት ይደርስልን ነበር?»

የወደቁት በሰኔ ነው።

«ይደርስ ነበር ናንግ፤ እኔ ብነሳ ኖሮ» አልኳቸው።