የአገርነሽ ማሕፀን ወዴት አዘነበለ?

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከዋሸሁ የቀበና ወንዝ በጥር ወር ሙላቱ ይውሰደኝ!

ዘመኑ 1971 ዓ.ም. ነው። ጭቃ ቤት ሠሪው ጋሽ ቀጀላ ምራታቸውን አገርነሽን በተውሶ በቅሎ አስቀምጠው፣ ልጓሟን እየሳቡ ከቀበና ወደ እንጦጦ ሽቅብ ይወጡ ነበር። አገርነሽ አምና አንድ ፅንስ አስወርዷታል። ባሏ ኢታና ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ አባቱን አቅፎ፣ “አደራ፣ አባዬ፤ ይኸኛው እንኳ ይትረፍልኝ” ብሏል።

አሁን ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ከትናንት በስቲያ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ፣ “ማሕፀንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው አሉኝ” ስትል፣ የሽማግሌው ሐሳብ እንደ ተነካ ቀፎ ተነሣ።

ማዘንበል! በዚያ ዘመን ይህ ቃል የሚሰማው በቀበሌ ስብሰባ ነው። ወደ ቀኝ ያዘነበለ አንድ ስም አለው፣ ወደ ግራ ከልክ ያለፈም ሌላ ስም አለው፤ ወደ ኋላ ያዘነበለማ አድኃሪ ነው፣ መጨረሻውም አያምርም። ጋሽ ቀጀላ በሩን ዘጉና በሹክሹክታ፦

“ካርዱ ላይ ጽፈውታል?”

“ጽፈውታል።”

“ወይ ጉድ! ገና ሳይወለድ!”

ከዚያ ሙያቸው ትዝ አላቸው። የዘመመ ቤት ይደገፋል። በአልጋዋ ግርጌ በኩል ሸክላ ደርድረው ከፍ ቢያደርጉት፣ ጧት አገርነሽ ከነብርድ ልብሷ ወለሉ ላይ ተገኘች። ይህ አልሆን ሲል፣ እንጦጦ ላይ ሆድ አሽተው ያቃናሉ ወደሚባሉ አሮጊት ሊወስዷት ተነሡ።

ዳገቱ አጋማሽ፣ ባሕር ዛፎቹ መሀል፣ ለክትባት ሥራ እንጦጦ አድራ የምትመለስ ሲስተር ወርቅአየሁ ድንገት ብቅ አለች። ካርዱን የጻፈችው ራሷ ናት።

“ጋሽ ቀጀላ፣ እንደምን አደሩ? ወዴት ነው በጧቱ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ... ነፋስ ልንቀበል።”

“ልታሽ ነው” አለች አገርነሽ ከበቅሎዋ ላይ።

“ምን? መታሸት አለብሽ ያለሽ ማነው?”

“አንቺው ነሻ!” አሉ ጋሽ ቀጀላ። “አዘነበለ ብለሽ የጻፍሽ አንቺ አይደለሽም? ለመሆኑ ልጄ፣ እዚህ ሌላ ሰው የለም፣ ንገሪኝ። ወደ ኋላ ስትዪ... ከአብዮቱ ጋር የሚያያዝ ነገር ነው?”

ሲስተር ወርቅአየሁ መሳቅም መቆጣትም አቃታት።

“ጋሼ፣ ማሕፀን ስብሰባ አይገባም። የአንዷ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የሌላዋ ወደ ኋላ። ከአምስት ሴት የአንዷ እንዲህ ነው። አፍንጫስ ሰልካካም ጎራዳም ይሆን የለም? በሽታ አይደለም።”

“በሽታ ካልሆነ ለምን ጻፍሽው?”

“ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ግዴታዬ ነው። ጥፋቴ ሳላስረዳት መስደዴ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነበር።”

“እኔ ሠላሳ ዓመት ቤት ሠርቻለሁ። ያዘነበለ ነገር ካላቃኑት ይወድቃል።”

“ግድግዳ ሕይወት የለውማ! ሊጥ ኩፍ ሲል ከቡሃቃው አፍ ሽቅብ ይወጣ የለም? ማሕፀንም ፅንሱ ሲያድግ ከዳሌ አጥንት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። በአራተኛው ወር ግድም አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይነካው ይቃናል።”

“አብዛኛውን ጊዜ!” አሉ፣ ቃሏን ይዘው። “ካልተቃናስ?”

“አልፎ አልፎ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። ያኔ ሽንት እምቢ ይላታል፣ ከእምብርቷ በታች ወይም ወገቧን አጥብቆ ያማታል። ይህ ከመጣ፣ ወይም ደም ካየች፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው፤ ወደ እንጦጦ አይደለም።”

ጋሽ ቀጀላ የባሰ ግራ ተጋቡ። በእጁ ሠርቶ ለኖረ ሰው ከሥራ ሁሉ የሚከብደው ምንም አለመሥራት ነው።

“እና እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ለኢታና ምን ብዬ ልጻፍለት?”

አገርነሽ አንገቷን ደፍታ፣ “አምናም ታሽቼ ነበር” አለች።

“መቼ?”

“እርስዎ ለሥራ ደብረ ብርሃን የሄዱ ሳምንት። በሦስተኛው ቀን ደሙ መጣ።”

ሲስተር ወርቅአየሁ ወደ በቅሎዋ ተጠጋች።

“በመታሸትሽ ነው አልልሽም” አለች ሲስተሯ ለስለስ ብላ፤ “ያኔ አላየሁሽም። ብዙ ፅንስ ያለ ማንም ጥፋት ይወርዳል። ግን ጋሽ ቀጀላ፣ ትናንት የመረጉት ግድግዳ ላይ ሰው ቢደገፍ ምን ያደርጉታል?”

“አናቱን ነው የምለው! እርጥብ ጭቃ አይነካም! በራሱ ጊዜ ይጠናል፤ ዝም ብሎ መጠበቅ...”

ሳይጨርሱት ቀና ብለው የአገርነሽን ሆድ አዩ።

“ተሳስቻለሁ፣ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “እርጥብ ግድግዳ ላይ ልደገፍ ነበር።”

ወገኖቼ፣ ሐኪም ያልገባንን ቃል ሲነግረን ‘ምን ማለት ነው?’ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ ዳገት መውጣት ነው ነውሩ። አገርነሽ ክትትሏን ሳታቋርጥ ቀጠለች። በአምስተኛው ወር ሲስተሯ ሆዷን ዳስሳ ማሕፀኗ ወደ ላይ መውጣቱን አበሰረቻት። በሐምሌ፣ ቀኗን ጠብቃ፣ ድምፁ ሰፈር የሚቀሰቅስ ልጅ ወለደች። ሽማግሌውም ሚስቱ ያረገዘችለትን ጎረምሳ ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆሙ፣ “ካርዷ ምን ይላል? ጠይቀሃል?” ይሉት ጀመር።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬአለሁ። ጋሽ ቀጀላ ‘ተሳስቻለሁ’ አላሉም። እንኳን ለሲስተር ለንስሐ አባታቸውም ብለው አያውቁም። ዝም ብለው በቅሎዋን አዞሩና፣ ጠጠሩን ከፊቷ በእግራቸው እየጠረጉ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ።