ቅቤ የጠጣው ድስት

ለአረፋ ሦስት ቀን ሲቀር እማማ ፋጡ አሰላ ገበያ፣ ዶሮ ተራ ቆመው አንዱን ዶሮ ያነሣሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። ሲገዙ ግን አይታዩም፤ ቢገዛስ ማን ይበላዋል የሚለው ሐሳብ እጃቸውን ይዞታል። ይህን ጊዜ የጎረቤታቸው የአቶ እንደሻው ልጅ ፅዮን ከኋላቸው ደርሳ ትከሻቸውን ሳመቻቸው። ፅዮን ነርስነት ተምራ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ልጅ ናት።

እማማ ፋጡ ዞር ብለው ሲያዩዋት የመጀመሪያ ሐሳባቸው «ይህችን ደግሞ ማን ላካት?» የሚል ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሰው ሁሉ የተላከባቸው ይመስላቸዋል። ድሮ እንዲህ ያለ ጠባይ አልነበራቸውም፤ ያመጣባቸው ያ ቀን ነው።

በዚያ ቀን ልጃቸው ሁሴኖ ሚስቱን ነቢላንና የአምስት ዓመት ልጃቸውን ኦብሴን ይዞ ከአዳማ ሊጠይቃቸው መጣ። ነቢላ ገና ቁጭ ሳትል፣ ኦብሴን ወተትና ቅቤ ስለሚያማት ሐኪም ከልክሏታል ብላ አሳሰበች። እማማ ፋጡ ሆዳቸው ሻከረ። ላም ከደጁ ጠፍቶ የማያውቅ የአርሲ ዘር ወተት ያመዋል ማለት ለእሳቸው ውኃ ያመዋል ከማለት አይለይም። ቢሆንም ቃል ገቡ። ነቢላ የዶሮ ካሪ የምትለውን፣ እሳቸው አልጫ የሚሉትን በርበሬ የሌለበት ቢጫ ወጥ በዘይት ሠርተው በእጃቸው አጎረሷት። ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ የኦብሴ ከንፈር አበጠ፣ ገላዋን ሽፍ አላት፣ ትንፋሽ አጠራት። ሁሴኖ አቅፏት ሐኪም ቤት ሮጠ፤ መርፌ ተወግታ ዳነች። የነቢላ ዓይን «ቅቤ ጨምረውበታል» ይል ነበር። አሁን ሁሴኖ ልጅቱ ለአረፋ እንደማትመጣ በስልክ እየተንተባተበ ነግሯቸዋል።

ይህን ሁሉ እዚያው ዶሮ ተራ ቆመው ለፅዮን ዘረገፉላት።

«ወላሂ ጠብታ ቅቤ አላስነካሁም» አሉ። «ወይ የሰው ዓይን ነው፤ ወይ እናትየው ልጅቱን ከእጄ ልትለያት የፈጠረችው ነገር ነው።»

«እኔ አምንዎታለሁ፣ እማማ። ግን በየትኛው ድስት ሠሩት?»

እማማ ፋጡ ጥያቄው አላማራቸውም። ድስታቸውን አገር ያውቀዋል፤ ከጢቾ ሸክላ ሠሪ የተገዛ፣ በቅቤ የተሟሸ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅቤ የጠገበ ወጥ ሲሠራበት የኖረ ነው። ይህንኑ በኩራት ነገሯት።

«እንግዲያው ነገሩ እዚያ ላይ ነው» አለች ፅዮን። «ሸክላ ይጠጣል። ለዓመታት የጠጣው ቅቤ እሳት ሲያገኘው ወደ ወጡ ይወጣል።»

«በፈላ ውኃ ሁለቴ አጥቤዋለሁ እኮ።»

«ፊቱ ይታጠባል፤ ውስጡ ግን አይታጠብም።»

«አሁን ገባኝ» አሉ እማማ ፋጡ ዓይናቸውን አጥብበው። «ድስትሽ ቆሻሻ ነው በያት ብላ ነቢላ ልካሽ ነው።»

ፅዮን ማንም እንዳልላካት ብትምልም አላመኗትም። ቂም የያዘ ሰው እውነት ሲነገረው አስቀድሞ የተናጋሪውን ዘመድ ይቆጥራልና፣ እማማ ፋጡም ፅዮን ከነቢላ ጋር የት ልትተዋወቅ እንደምትችል በሐሳባቸው ሲፈልጉ ቆዩ። ምንም ሲያጡ ክርክራቸውን በሌላ በኩል ጀመሩት። አባትሽም ወተት ሲጠጣ ሆዱን ይነፋዋል፤ እስከ ዛሬ ግን ሐኪም አልጠራንለትም አሏት።

«የአባቴ ሌላ ነው» አለች ፅዮን። «የእሱ ሆድ ወተቱን መፍጨት ያቅተዋል፤ ይነፋዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ያልፍለታል። የኦብሴ ሰውነት ግን ወተቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል፤ ጉሮሮዋን ሊዘጋባት ይችላል። ለእሷ ትንሽ የሚባል ቅቤ የለም።»

«ጥቂት ጥቂት እያቀመስን ብናስለምዳትስ?»

«እሱ የሐኪም ሥራ ነው። ቤት ውስጥ የሞከረው ሰው ልጁን ሊያጣ ይችላል።»

እማማ ፋጡ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ግን ያልታየ ቅቤ ሰው ይጥላል የሚለው አሁንም አልዋጥ አላቸው። ፅዮን ጥቂት አስባ እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፦

«ለፋሲካ እኛ ቤት ሲመጡ እናቴ በምን ትሠራልዎታለች?»

«እናትሽ በቀለች የኔን ድስት ለብቻው ታስቀምጣለች፤ ዶሮውንም ሙስሊም ነው የሚያርደው። ከናንተ ሥጋ ጋር አይነካካም።»

«እናቴ አንድ ቀን ተሳስታ የኛን ሥጋ ብትሠራበትና አጥባ ብትመልሰው፣ ይበሉበታል?»

«አስተግፊሩላህ። እንዴት እበላበታለሁ?»

«ታጥቧል እኮ፣ እማማ።»

እማማ ፋጡ ለሠላሳ ዓመት በቀለች ድስት ስትለይላቸው አንድም ቀን «ናቀችኝ» ብለው አያውቁም፤ አከበረችኝ ብለው ነበር የሚኮሩት። የገዛ ምራታቸው ለልጇ ያንኑ ብትለምናቸው ግን ስድብ አድርገው ቆጠሩት። ኀፍረት ፊታቸው ላይ ወጣ።

«ኢንተለኮ» አሉ ልጄ ሲሉ፣ በኦሮምኛ። «እኔ ነኛ ያሳመምኳት።»

«ሳያውቁ ነው» አለች ፅዮን። «አሁን አወቁ።»

ዶሮው ተገዛ። ከዚያ በኋላ የእማማ ፋጡ ጥርጣሬ አልጠፋም፤ ከሰው ላይ ተነሥቶ ወደ ዕቃ ዞረ እንጂ። ቅመም ሻጩን ካሣዬን ያ ቢጫ የካሪ ዱቄት ምን ምን እንደተቀላቀለበት፣ በየትኛው ማንኪያ እንደሚዝቀው እየመላለሱ ጠየቁት። ካሣዬ ከአዲስ አበባ ተፈጭቶ የመጣ ከመሆኑ በቀር አላውቅም ሲል ትተውለት ያልተፈጨ እርድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገዙ። ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ብረት ድስት፣ አዲስ ቢላና አዲስ ማማሰያ ጨመሩ፤ የእንጨት ማማሰያም ይጠጣል ብላቸዋለች ፅዮን። ማታውን ነቢላ ዘንድ ራሳቸው ደውለው የድስቱን ነገር አንድ ሳይደብቁ ነገሯት።

ነቢላ ከኦብሴ ጋር ለአረፋ መጣች። አመጣጧ ግን የመተማመን አልነበረም፤ በአንድ እጇ የኦብሴን ምሳ ከቤቷ ቋጥራ፣ በሌላው ሐኪም ያዘዘላትን መርፌ በቦርሳ ይዛ ነበር። እማማ ፋጡ ቋጠሮውን አዩት። ድሮ ቢሆን ለዓመት የሚበቃ ኩርፊያ ነበር። ዛሬ ግን ምራታቸውን እጇን ይዘው ወደ ማድ ቤት አስገቧትና፣ «ሁሉንም ጠይቂኝ፤ አልቀየምም» አሏት።

ነቢላ መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥላ ግን እናት ናትና ጠየቀች። ድስቱን፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱ የተከተፈበትን ሣንቃ አንድ በአንድ ጠየቀች፤ እማማ ፋጡም አንድ በአንድ መለሱላት። ወጡ በድንችና በካሮት ወፈር ብሏል እንጂ እርጎ አልነካውም፤ የቤቱ ሰው ቅቤ ያለበት ምግብም ልጅቱ በልታ ሳትጨርስ ከቁም ሣጥን አይወጣም። ነቢላ ጥያቄዋን ስትጨርስ አሮጊቷ ሻሻቸውን ፈቱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅቤ ተለይቶት የማያውቀው ፀጉራቸው ደርቆ፣ ተንጨብርሮ ቆሟል።

«ሦስቴ በሳሙና አጠብኩት» አሉ። «ከራሴ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ አፏ እንዳይሄድ ፈርቼ ነው። ይህን ፅዮንም አልነገረችኝም።»

ነቢላ እንባዋ መጣ። «ያን ቀን ሆን ብለው የጨመሩ መስሎኝ ነበር፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም አንቺን ስንት ነገር ስጠረጥርሽ ከረምኩ» አሉ።

እንግዲህ የመጠየቅንና የመጠንቀቅን ጥቅም ያየ ሰው ሊክደው አይችልም። እንግዳን «የማይስማማህ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ንፍገት አይደለም፤ የተጠየቀውም እውነቱን ቢናገር ቤቱን አላዋረደም። አንድ ድስት በመለየት ሕፃን ከሞት ይድናል፣ ምራትና አማት ይታረቃሉ፣ አያትም የልጅ ልጇን ታያለች። ደብቆ ማቅመስ ግን ፍቅር ቢመስልም መቃብር ሊያስቆፍር ይችላል።

እማማ ፋጡ ሩዙን ከወጡ ጋር ለውሰው እጃቸውን ዘረጉ። ኦብሴ ከንፈሯን ገጥማ ወደ ኋላ አለች፤ ያን ቀን አልረሳችውም። አያትየው አልለመኗትም፣ አላስገደዷትም። ልጅቱ እናቷን አየች። ነቢላ ከወጡ ቀድማ በጣቷ ቀመሰችና ራሷን ነቀነቀችላት።

ኦብሴ አፏን ከፈተች።