ከራዲያተሩ የወጣው ጭቃ

በስደት በምንኖርበት ከተማ ካዚኖዎቹ ተዘግተው ሳለ፣ ቁማርተኞችን የሚያመላልሱት ሻትል አውቶብሶቻችን ዓመት ሙሉ አቧራ ላይ ቆመው ነበር። ሥራ ሲጀመር አልማዝ የምትነዳው ናፍጣ አውቶብስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ፈላ። መካኒኩ ጌቱ ቴርሞስታቱንም የውሃ ፓምፑንም ቀየረ፤ ለውጥ የለም። እኔ እዚያው ድርጅት አውቶብስ አጣቢ ነኝ፤ የተማርኩት ግን መካኒካል ምህንድስና ነው። «ራዲያተሩ አቧራ ተጠቅጥቆበት ይሆናል፣ በባትሪ እየው» ስለው፣ «ኢንጂነር፣ አንተ መስታወትህን ወልውል» አለኝ። መከራከር ሰልችቶኛል፤ ወለወልኩ።

ከሰዓት በኋላ አልማዝ ወረቀት ይዛ መጣች። «ሙቀቱን እያየሁ ዝም ብዬ ነዳሁ ብለሽ ፈርሚ አሉኝ አለቆቹ። ብፈርም ይቅር ይሉኛል መሰለኝ፣ ወንድሜ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ራዲያተሩ ላይ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ ውሃ ለቀቅሁበት። በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ መሃል የተጠቀጠቀው አቧራ ጭቃ ሆኖ ወረደ።

«አትፈርሚ» አልኳት። «እኔ አገር ቤት፣ ሌላ ሰው ላቃጠለው ጄኔሬተር ፈርሜያለሁ።»

«እና ይቅር አሉህ?»

«በማግስቱ አባረሩኝ። ሥራ ልጠይቅ በሄድኩበት ሁሉ ያ ወረቀት ቀድሞኝ ይደርስ ነበር።»

ስልኳን አውጥታ ጭቃውን መቅረጽ ጀመረች።