የአገሩ ባለቤት ወረቀት ጠየቀኝ

የመጽሐፉ ሽፋን ቀይ ይሁን ቡናማ ተምታቶብኝ ይሆናል፤ ሰውየው ያለኝን ግን አልረሳሁም። ካሮልተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ላይብረሪ ውስጥ ለዜግነት ፈተናዬ እያጠናሁ ነው። ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት አሜሪካ ውስጥ ስለኖሩት ሕዝቦች የሚያወራ፣ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ፊቴ ተዘርግቷል። ልጄ ሰላም እያነበበች ትተረጉምልኛለች። አጠገባችን አንድ ባለ ባርኔጣ ጠይም ሽማግሌ ተቀምጦ መጽሐፉን ሰረቅ እያደረገ ያያል። እንደኔው መጤ መሰለኝና፣ «ከየት አገር እንደመጣ ጠይቂልኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ ፕሊስ!»

«ጠይቂው! ግሪን ካርዱንም ቤት ትቶ እንዳይወጣ ንገሪው፤ ጊዜው ጥሩ አይደለም።»

እያፈረች ነገረችው። ሰውየው ሳቀና ጣቱን ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ አሳረፈ። «እነዚህ አያቶቼ ናቸው፤ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ይልሃል» አለችኝ። ሰውየው ወዲያው ኮስተር ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። «ሶ፣ ያንተ ወረቀትስ የታለ? እያለህ ነው።»

እኔ ፈሪው፣ ቀልድ መሆኑን ሳላጣራ በላስቲክ የጠቀለልኩትን ግሪን ካርድ ከደረት ኪሴ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰልኝ።

«ኦኬ፣ መኖር ትችላለህ አለ» አለች ሰላም፣ ሳቋ አላስጨርስ ብሏት። ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁት።

ፈተናውን በአስተርጓሚ አለፍኩ፤ የዜግነት መሐላው ቀን ግን አልተቆረጠልኝም። ባለፈው ሰኞ ሰላም ኢሚግሬሽን ቢሮ ኮል አድርጋ ስትጠይቅ «ይጠብቁ» አሏት። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። እጠብቃለኋ፣ ባለቤቱ እንደሆነ ፈቅዶልኛል።