ዲን አትንካ

ደሴ፤ ሟቹ ደምሰው የሠርግ ፊልም ያቀናብርበት በነበረው ጠባብ ሱቅ፣ እህቱ ሠርካለም ጥቁሯን እንደለበሰች ከእጮኛዋ ከይመር ጋር ሲ እና ዲ የሚባሉ ሁለት የፋይል ማከማቻዎች ያሉት፣ እየደረቀ ያስቸገረ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል።

ሠርካለም፦ ዲን አትንካ አልኩህ እኮ!

ይመር፦ አልነካሁም፤ እያሰብኩ ነው። ማሰብም ተከለከለ?

ሠርካለም፦ እጅህ ማውሱ ላይ ሆኖ ነው የምታስበው?

ይመር፦ ይኸው፣ ደረቀ! ፊልሙ ላይ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እዚችው ላይ ቀጥ። «ቨርቹዋል ሜሞሪ አነሰኝ» ይላል።

ሠርካለም፦ ደምሰው እያለ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ይመር፦ ደምሰው እያለ ሲ ሞልቶ አያውቅማ! ስሚኝ ሠርኬ። ራሙ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ሥራ ሲበዛበት ትርፉን የሚያራግፍበት ፋይል አለ፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚለው እሱን ነው። ያ ፋይል ሲ ላይ ነው፤ ሲ ደግሞ ጢም ብሏል። ፋይሉን ወደ ዲ ላዛውረው። ለቅሶ ቤት ሰው ሲበዛ ዕቃ ጎረቤት ይወጣ የለ?

ሠርካለም፦ የኛ ቁም ሳጥን እንደወጣ ቀረ። አሁን የእትዬ ዘውዴ ቀሚስ ተሰቅሎበታል።

ይመር፦ እሺ፣ ሲ ላይ ያሉትን የድሮ ሠርጎች ልሰርዝ?

ሠርካለም፦ የእጁን ሥራ? ሞቼ ነው ቆሜ!

ይመር፦ ዲ እኮ ባዶ ነው! ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ «የሠርኬ ሠርግ»።

ሠርካለም፦ ታዲያ እያነበብከው ነው ሌላ ነገር የምትጭንበት? የአክስቴ ልጅ የተዳረች ጊዜ ደምሰው ቦታ አልቆበት የእናቷን ጉልበት ስትስም ያነሳው ተበላሸ። አክስቴ እስከ ዛሬ ታኮርፋለች። ያኔ ነው ዲን ባዶ አድርጎ «የእህቴ ግን ቦታ አያጥረውም» ያለው።

ይመር፦ ሠርጉስ የታለ? ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ። አርባው ይውጣ አልሽ፣ ወጣ። ሙት ዓመቱ ይለፍ አልሽ፣ አለፈ።

ሠርካለም፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ይመር፦ ሙት ይዞ ይሞታልም ይባላል! እነዚህ ሙሽሮች ወልደው አጠመቁ። የሙሽራው አባት ትናንት «ፊልሙን ልጁ ዳዊት ሲደግም ነው የምትሰጡን?» አሉኝ። ሙሽራው ግን አሁንም በር ላይ ቆሟል። እሱ ብቻም አይደለም፤ እኔም።

ሠርካለም፦ ይሄ ፊልም ካለቀ ደምሰው የጀመረው ነገር አለቀ ማለት ነው። እሱ አይገባህም።

ይመር፦ ባይገባኝ እስካሁን እቀመጥ ነበር? ለኔም ጓደኛዬ ነበር እኮ።

ሠርካለም፦ ያ ፋይል... ዲን ሙሉ ይይዘዋል?

ይመር፦ ጥጉን ብቻ። የቀረው ያንቺ ነው። ስሙንም አልነካው።

ሠርካለም፦ አዛውረው በቃ።

ይመር፦ አዛወርኩ። አጥፍቼ ላስነሳው... ተነሳ። እስቲ አሁን... ሠርኬ! በሩን አለፈ፤ ሙሽራው ገባ!

ሠርካለም፦ ካሜራውስ?

ይመር፦ የደምሰው? መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሷል። ምን ያደርግልሻል?

ሠርካለም፦ ቻርጅ ላይ ሰካው።