ኳሷን ትተው ሰውን ያዩ የነበሩት አቶ መሸሻ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የአቶ መሸሻ ወልደሰንበትን ዜና ሕይወት ሊያነብ የቆመው ዱባለ መሆኑን ስታዩ እርስ በርሳችሁ መተያየታችሁ አልቀረም። እውነት ነው፤ አቶ መሸሻና ዱባለ ተኳርፈው በአንድ ድንኳን ሁለት ጫፍ ሲቀመጡ ያላየ የዕድራችን ሰው የለም። ታዲያ ልጅና ዘመድ እያለ እሱ እንዴት ወረቀቱን ጨበጠ ብላችሁ የምትጠረጥሩ ካላችሁ፣ ሟቹም በእናንተ ቦታ ቢሆኑ ይጠረጥሩ ነበርና አይፈረድባችሁም፤ ምክንያቱ ከታሪኩ ጋር ይመጣል።

አቶ መሸሻ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት አየለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማኑሄ ተክሌ በ1948 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ ኮልፌ ይኖሩ ወደነበሩት አጎታቸው መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ጋራዥ ገብተው ሙያውን ቀስመው፣ ውሎ አድሮም አየር ጤና ላይ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በዚያ ሥራ ጥርጣሬ ሀብታቸው ነበር፤ ደንበኛው ፍሬኑ ደህና ነው ቢላቸው አያምኑም፣ የገዛ ሠራተኛቸው አጥብቄዋለሁ ቢላቸው አያምኑም፣ ራሳቸው እስከ ሳንሱሲ ነድተው ሳይመለሱ መኪና ከግቢያቸው አያስወጡም፤ ስለዚህም በእሳቸው እጅ አልፎ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ተሰምቶ አያውቅም።

በትዳርም እንዲሁ ነበሩ። ወይዘሮ ጽጌማርያምን የጠየቁላቸው ሽማግሌዎች እሺታ ይዘው ቢመለሱ፣ ልጅቷ ተገድዳ ይሆናል ብለው ራሳቸው ሄደው ጠየቁ፤ ወይዘሮዋም እስከ ዛሬ እየሳቁ እንደሚያወሩት፣ ማንም እንዳላስገደዳቸው ምለው ተገዝተው ነው ያሳመኗቸው። ከዚያም ግሩምን፣ ፋሲካንና ማራኪን ወልደው አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ስኳር ሕመም ተገኘባቸውና ሐኪም በእግር መሄድ እንዲያበዙ ሲመክራቸው፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ አንድ ደንበኛቸው የጎልፍ ዱላዎቹን ከነቦርሳቸው በስጦታ ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም የዕድር ወዳጃቸውን ዱባለን አስከትለው ከሰፈር ወደማይርቀው የጎልፍ ሜዳ ይወጡ ጀመር። ወይ ጉድ! ስንቱን የጭነት መኪና ያስተኙና ያስነሡ ሰው ለዚያች ዕንቁላል ለማታህል ነጭ ኳስ ብለው እንቅልፍ አጡ፤ ዛሬ ቀጥ ብላ የሄደችው ነገ ወደ ቀኝ፣ ከነገ ወዲያ ወደ ግራ ትጠፋባቸዋለች። መጀመሪያ የጠረጠሩት ዱላውን ነበር። የዱላው ብረት ኳሷን ወደ ላይ እንዲያነሣ ሲባል ከፋብሪካው ዘንበል ተደርጎ መሠራቱን ሳይጠይቁ፣ ሰው አጣሞብኝ ነው ብለው ጋራዥ ወስደው ብረት በሚጨብጠው ሞርሳ አስረው ቀጥ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ያ ዱላ ኳስ ከመሬት አንሥቶ አያውቅም።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ዱባለ ነው፤ ዘወር ስል ኳሷን በጫማው ይነካብኛል አሉ። የሜዳው አሠልጣኝ ገመቹ ነገሩን ለማጣራት አንድ ቀን ዱባለን ሂድና ሻይ ጠጣ ብሎ አስወጣው፤ አቶ መሸሻ ብቻቸውን ሲመቱ ኳሷ እየደጋገመች ቀጥ አለች፣ ዱባለ ሲመለስ ተጣመመች። ገመቹም፣ ጋሼ፣ እጅዎም ወገብዎም ደህና ነው፣ ዱላው ኳሷ ዘንድ ሳይደርስ ቀና ብለው ዱባለን ያያሉ፣ አንገት ቀና ሲል ትከሻም አብሮ ይነሣል፣ ምትዎ አንድ ዓይነት ያልሆነው ለዚህ ነው ብሎ አስረዳቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ሰሙ፤ ለካ የምትጣመመው እሱ ሲኖር ነው አሉና፣ በዕድር ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የዱባለ ዓይን ደግ አይደለም ብለው ተናገሩ።

ይህ በሰፈራችን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ልጅ ያዘለች እናት ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ስትጥል እያየ፣ ዱባለ ስንት ጊዜ መንገድ ቀይሯል። ሽማግሌ ቢላክም፣ አቶ መሸሻ፣ ዱባለ ቤት ምሳ በልታችሁ ነው የመጣችሁት ብለው ሽማግሌዎቹንም ጠርጥረው መለሷቸው።

ባለፈው ዓመት ሕመሙ ኩላሊታቸውን ጎድቶ ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ፣ ጠያቂው ሁሉ ፊትዎ መልሷል፣ ድነዋል ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም አንዱንም አላመኑም። ደስ ይበለው ብሎ የማይዋሸኝ የተቀየመኝ ሰው ብቻ ነው ብለው፣ በወይዘሮ ጽጌማርያም በኩል ዱባለን ወደ ሜዳው አስጠሩት። ዱባለም በተራው፣ ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ሆኖም ሄደ። አቶ መሸሻ ከጀርባቸው አቆሙት። ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸው ነበር፤ አቀርቅረው መቱ፣ ከመቱም በኋላ ቀና አላሉም። ሣሩን እንዳዩ፣ የት ወደቀች ብለው ጠየቁት። ለታመመ ሰው ማሳመር ቀላል ነበር፤ ዱባለ ግን፣ ቀጥ ብላ ሄዳለች፣ ሩቅ ግን አልሄደችም አላቸው። አመንኩህ አሉት፤ አሁንም ቀና ብለው አላዩም።

ዱባለ አለቀሰ። በቀጣዩ የዕድር ስብሰባ አቶ መሸሻ በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው ተነሥተው፣ ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ የተጣመመው የእኔ አንገት ነው ብለው ስሙን ባጠፉበት ጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ቤታቸው ሲመለሱም፣ የሞትኩ ዕለት ታሪኬን ዱባለ ያንብበው፣ ልጆቼ ያሳምሩታል ብለው ተናዘዙ። ወረቀቱ እሱ እጅ የገባው በዚህ ነው።

አቶ መሸሻ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከትናንት በስቲያ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጽጌማርያምን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ አሠልጣኛቸውን ገመቹንና በቃሉ ያመኑትን አንድ ወዳጅ ትተውልናል። የሰውን ልብ ያለ ጥርጣሬ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቤተ ሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ጋሼ፣ እርስዎ ቀና አይበሉ፤ የወደቀችበትን እኛ እናይልዎታለን።